ጀሶው ቶርኖ ላይ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ረከቦት ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ቁጭ አንድ ዓይነት የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ከኋላቸው አንድ ሞዴል አለ። ሞዴሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከጀሶ ነው። ጀሶው ቶርኖ ላይ ይታሰርና እየተሽከረከረ በመፋቂያ ይቀረጻል። በሞዴሉ ላይ ሌላ ጀሶ ይፈስና ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ይወጣል። ሞልዱ ውስጥ ቀጭን የሸክላ ጭቃ ይሞላል። ጀሶው ውሃውን ሲመጠው ግድግዳው ላይ ሲኒው ይያዛል። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የቀረች አንዲት ጭረት መቶ ሲኒ ላይ ትወጣለች።

ይህን ሥራ መማር ስጀምር የተበላሸብኝን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ቆይቼ ሳነበው አንድ ነገር ገባኝ። ቶርኖ ላይ ያየሁት ችግር አብዛኛው የተወለደው ባልዲው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቶርኖውን ከመውቀሳችሁ በፊት ወደ ኋላ ሂዱ።

እንድንግባባ የምጠቀምበትን አሠራር ልንገራችሁ። ቶርኖው አግዳሚ ነው፣ እንደ እንጨት ቶርኖ። ጫፉ ላይ የሚታሰር የብረት ሰሃን አለ። ሰሃኑ ላይ ቋሚ የጀሶ መሠረት አለ፤ ከመሃሉም ጣት የሚያህል የብረት ዘንግ ይወጣል። መሠረቱን ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ ጀሶ እሞላበታለሁ። ሲይዝ፣ ማለትም መጠጠር ሲጀምር፣ ፕላስቲኩን ፈትቼ ከነሰሃኑ ቶርኖው ላይ አስረዋለሁ። ሲኒው በአፉ በኩል ወደ መሠረቱ፣ በእግሩ በኩል ወደ ውጭ ይሆናል። ውስጡ አይቦረቦርም። የሲኒውን ውፍረት የሚወስነው ጭቃው ሞልዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ስለሆነ ሞዴሉ ድፍን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ጸጉር፣ ጓንት፣ እነዚህ ሁሉ የሚዞር ነገር አጠገብ አይሆኑም። መነጽር አድርጉ። ሞተሩን ከውሃ ፍንጣሪ ከልሉት። እጃችሁን ደግሞ በፍጹም በሚይዝ ጀሶ ውስጥ አትተዉ። ጀሶ ሲይዝ ይግላል፣ ወፍራሙ ክምር እጅ ያቃጥላል።

«ጀሶው ሳላፈሰው ባልዲው ውስጥ ያዘ»

መጀመሪያ ባልዲውን እዩ። ግድግዳው ላይ የትናንት ጀሶ ተለጥፏል? ምክንያቱ እሱ ነው። የያዘ ጀሶ ፍርፋሪ ለአዲሱ እንደ እርሾ ነው። አዲሱ ጀሶ በፍርፋሪው ዙሪያ ቶሎ መጠጠር ይጀምራል። የማማሰያው እንጨትም፣ የእጃችሁ ጥፍርም እንደዚያው ነው። የጎማ ባልዲ ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ያዙ። ሲደርቅ ጨመቅ ስታደርጉት ሁሉም ይረግፋል።

ባልዲው ንጹሕ ከሆነ ውሃውን እዩ። ለብ ያለ ውሃ ጀሶን ያፈጥናል። ጨውም ያፈጥናል። ሎሚ በተቃራኒው ያዘገያል። እኔ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው የምጠቀመው። ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ ጠዋት ያው ውሃ በረዶ ሊመስል ይችላል፣ ጀሶው ይዘገያል። አትደናገጡ፣ ጠብቁት።

ያዘብኝ ብላችሁ ውሃ እንዳትጨምሩበት። መያዝ የጀመረ ጀሶ ውሃ ሲጨመርበት የሚቀጥን ይመስላል፣ በኋላ ግን ብስባሽ ይሆናል። ጣሉት። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ግን አይደለም፤ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል። ባልዲው ውስጥ ይጠጥር፣ ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

«ስፍቀው እንደ ጠመኔ ይረግፋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

ጀሶ ድንጋይ ነበር። የጂፕሰም ድንጋይ ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውሃ አብዛኛው ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ውሃ ስትሰጡት የወጣውን መልሶ ይወስድና እንደገና ድንጋይ ይሆናል። (ወደ ጎጃም ስትጓዙ ጎሃ ጽዮንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃን ስትወርዱ ይህ ድንጋይ በገደሉ ውስጥ አለ።) ድንጋይ ለመሆን የሚበቃው ውሃ ለ100 ግራም ዱቄት 19 ግራም ያህል ብቻ ነው። ግን በ19 ግራም አይፈስም። ስለዚህ ትርፍ ውሃ እንጨምራለን። ትርፉ በኋላ ተንኖ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ውሃ በበዛ ቁጥር ቀዳዳው ይበዛል፣ ጀሶው ይደክማል።

ለሞልድም ለሞዴልም የሚሆነኝ ልክ ለ100 ጀሶ 70 ውሃ ነው፣ ሁለቱም በክብደት። በዓይን ሳይሆን በሚዛን። ለአንድ ሲኒ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ድፍን ጀሶ ይበቃኛል። 800 ግራም ጀሶና 560 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሞላዋል፣ ትንሽም ይተርፋል። ለሌላ መጠን ስታሰሉ፣ አንድ ሊትር የተበጠበጠ ጀሶ ለማግኘት 930 ግራም ያህል ጀሶና 650 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል።

ልኩ ትክክል ሆኖ አሁንም ከረገፈ ሦስት ነገር ጠርጥሩ።

አንደኛው ከረጢቱ ነው። ክረምት ላይ አፉ ተከፍቶ የቆየ ጀሶ ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል። ጥቂት ጥቂት እያለ ከረጢቱ ውስጥ ይሞታል። ጓል ከያዘ ይህ ነው። በክዳን በርሜል ወይም በታሰረ ፕላስቲክ፣ ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሁለተኛው የጀሶው ዓይነት ነው። ለግድግዳ ማለስለሻ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ለሠራተኛው ጊዜ እንዲሰጥ የሚያዘገይ ነገር ይጨመርበታል። ለግድግዳ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ስትገዙ ንጹሕ ጀሶ መሆኑን ጠይቁ፣ ከዚያም ትንሽ በጥብጣችሁ ሞክሩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞቆ ካልጠጠረ አትመኑት።

ሦስተኛው እጃችን ነው። ጀሶው መወፈር ከጀመረ በኋላ ማማሰል የሚያያዘውን መስበር ነው። በጊዜ አቁሙ።

«ላዩ ሁሉ ተበሳስቷል»

አየር ነው። አንድ ንብርብር ትፍቃላችሁ፣ ቀዳዳ ይወጣል። ሌላ ትፍቃላችሁ፣ ሌላ ቀዳዳ። በመጨረሻ ሞዴሉ ከልኩ በታች ይቀጥናል።

መፍትሄው አበጠባበጡ ላይ ነው። ውሃውን በዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ዱቄቱን ነው ውሃው ላይ የምትነሰንሱት፣ በእጅ ወይም በወንፊት፣ ሁሉንም ቦታ እንዲያገኝ። ሳትነኩት ሁለት ደቂቃ ተዉት። ዱቄቱ ውሃ ይጠጣ፣ አየሩም ራሱ ይውጣ። ከዚያ ማማሰያው ከውሃው ሳይወጣ ከታች በዝግታ አማስሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። እንቁላል እንደሚመታ አታድርጉት። ምጣድ ላይ እንደሚፈስ የእንጀራ ሊጥ ሲሆን ጊዜው ደርሷል። በአንድ በኩል፣ በቀጭኑ፣ ሳታቋርጡ አፍስሱት። ሲሞላ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ መታ አድርጉት፣ አረፋው ይወጣል።

የወጣውን ቀዳዳ ለመድፈን፣ መጀመሪያ አፉን በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ ሰፋ አድርጉት። አጥቡት። ሞዴሉን ውሃ አጠጡት፣ ላዩ መምጠጥ እስኪያቆም። ከዚያ አዲስ ጀሶ ሙሉበት። ደረቅ ጀሶ ላይ የተለጠፈ ጀሶ ውሃው ወዲያው ስለሚመጠጥበት ሳይጠጥር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ጀማሪ ደግሞ ከመሬት የወደቀውን ፍቅፋቂ አቡክቶ ይደፍናል። ፍቅፋቂ አንዴ ይዟል፣ ሁለተኛ አይዝም።

«መፋቂያው ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል» ወይም «አቧራ ብቻ ነው የሚወጣው»

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፣ መነሻቸው ግን አንድ ነው። ሰዓቱን ስታችኋል።

ጀሶ የሚቀረጽበት ሰዓት አለው። ከፈሰሰ በኋላ መጀመሪያ ላዩ ይደበዝዛል። ከዚያ እንደ ልብስ ሳሙና ይሆናል፣ ጥፍር ስትጫኑበት ምልክት ይይዛል፣ ግን እጅ ላይ አይለጠፍም። ዋናው ቅርጽ የሚወጣው አሁን ነው። ፍቅፋቂው ረጅም ሆኖ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ያን ቀለበት ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጊዜው አጭር ነው፣ ጥቂት ደቂቃ። ስለዚህ መሣሪያችሁ ተስሎ፣ ሥዕላችሁ ተሰቅሎ፣ ቶርኖው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ጀሶ እናንተን አይጠብቅም።

ቀጥሎ ጀሶው ይሞቃል፣ ይጠጥራል። አሁን ቀስ እያላችሁ፣ በቀጭኑ፣ ልኩን ታወጣላችሁ። የመጨረሻው ማለስለስ ሙሉ በሙሉ ከጠጠረ በኋላ ነው።

የሚለጠፍ ከሆነ ቸኩላችኋል፣ አቁሙና መለጠፉን እስኪተው ጠብቁ። አቧራ ብቻ ከሆነ ደርቋል ማለት ነው። በስፖንጅ ውሃ አጠጡትና ቀጥሉ። ርጥብ ጀሶ ይታዘዛል፣ ሳንባችሁንም አያስቸግርም። ሥራው ለነገ ካደረ በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሩት።

«ዝም ብሎ ይወዛወዛል»

ቶርኖውን አጥፉ። በእጃችሁ አዙሩት። እርሳስ መደገፊያው (ስትፍቁ መፋቂያው የሚያርፍበት የቶርኖው ክፍል) ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ጀሶው ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉ። እርሳሱ ዙሪያውን ከነካ ደህና ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከነካ ያ ጎን ወደ ውጭ ወጥቷል።

ገና አዲስ የፈሰሰ ከሆነ አያሳስብም። ፕላስቲኩ ትንሽ ዘምሞ ነው የያዘው። በዝግታ ፍጥነት፣ በቀጭን በቀጭኑ ስትፍቁት ክብ ይሆናል።

ትናንት ክብ ሆኖ ዛሬ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ፈታችሁ መልሳችሁ ስታስሩት አንድ ነገር መሃል ገብቷል። ብዙውን ጊዜ የምስር ፍሬ የማታክል የጀሶ ፍርፋሪ ናት፣ ሰሃኑና ሰሃኑ የሚታሰርበት የቶርኖው ዘንግ መካከል የተቀመጠች። ሁለቱንም ፊት በጨርቅ ጥረጉና መልሳችሁ እሰሩ። ሰሃኑና ዘንጉ ላይ አንድ ላይ የሚገጥም ምልክት አስምሩ። ሁልጊዜ በዚያው ምልክት እሰሩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን የለፋሁበትን ሞዴል «ክብ ላድርገው» ብዬ ስፍቅ ከልኩ በታች አወረድኩት። አስተማሪዬ መጥተው ሰሃኑን ፈቱ፣ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ፣ መልሰው አሰሩ። መወዛወዙ ጠፋ። ሲኒው ግን አልተመለሰም።

ጀሶው ወርዶም የቶርኖው ዘንግ ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ዘንጉ ጎብጧል። ያ የመካኒክ ሥራ ነው፣ በመፋቂያ አይስተካከልም። ቺንጋው ተበልቶ የሚዘል ከሆነም እንደዚሁ።

«እየፋቅኩት ከመሠረቱ ተላቆ ወደቀ»

መሠረቱ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ጀሶ በጀሶ ላይ ሲፈስ መጣበቁ ብቻውን መፋቂያውን ለመቋቋም አይበቃም፣ በተለይ የታችኛው ሳሙና ከነካው። መሠረቱ ላይ ሦስት ወይም አራት ጎድጓዳ ቁርጥ አውጡ፣ ጣት የሚያስገባ ያህል። አዲሱ ጀሶ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይያዛል። የብረት ዘንጉም ለስላሳ አይሁን። በመጋዝ ሸካራ አድርጉት ወይም ሽቦ ጠምጥሙበት። መሠረቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት አርጥቡት።

ከወደቀ መልሶ መለጠፍ ይቻላል ወይ? አይቻልም ማለት ይቀላል። መሃሉን ማግኘት ከአዲስ መጀመር የከፋ ነው።

«ላዩ ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነ ሞገድ ይታያል፣ መፋቂያውም ይንጫጫል»

ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ጥሩ ፍቀት «ሽሽሽ» ይላል። «ትርርር» ካለ መፋቂያው እየዘለለ ነው።

መጀመሪያ መደገፊያውን አስጠጉ። መፋቂያው ከመደገፊያው ሩቅ ከወጣ መንቀጥቀጡ አይቀርም። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ስታስጠጉ ቶርኖውን አጥፉ፣ ከዚያ አንድ ዙር በእጅ አዙራችሁ እንደማይነካ እዩ። ሁለተኛ ስለት። ጀሶ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ብረት ይበላል። ሞረድ አጠገባችሁ ይኑር፣ በየጊዜው መለስ አድርጉበት። ሦስተኛ ፍጥነት። ለዚህ ስፋት በደቂቃ ከ200 እስከ 300 ዙር በቂ ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጠርዙ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚሮጥ ለትልቅ ሳህን ዙሩን ቀንሱ።

አያያዝም አለ። የመፋቂያው እጀታ ትንሽ ከፍ፣ ስለቱ ትንሽ ዝቅ ይበል። እንዲህ ሲሆን ጀሶው ስለቱን ቢይዘው ወደ ታች ገፍቶ ይለቀዋል። ስለቱ ወደ ላይ ካየ ግን ጀሶው ውስጥ ይሰነቀራል፣ ቁራጭም ይዞ ይወጣል። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አስደግፉ። እጅ ብቻውን ይደክማል፣ ሰውነት ግን ይጸናል።

ሞገዱ ከተፈጠረ በዚያው መፋቂያ በዚያው አቅጣጫ አትሂዱበት። መፋቂያው ጉድጓዱን እየተከተለ ያባብሰዋል። አቅጣጫውን አዘንብሉት ወይም ሰፊ ስለት ያለው ቀይሩ። ብርጭቆ ወረቀት ሞገድ አያጠፋም። ሞገዱን ነው የሚያለሰልሰው።

«እግሩ መሃል ላይ ትንሽ ጡት ቀረች»

ስለቱ ከመሃል ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። መደገፊያውን አስተካክሉ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ጠርዙ ተሸረፈ»

ከውስጥ ወደ ውጭ ፍቃችኋል። ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ከኋላው የሚደግፈው ስለሌለ ይቆረሳል። ከጠርዙ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ፋቁ። በሲኒው አፍ በኩል ደግሞ ሞዴሉን አፉ ላይ አትጨርሱት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ አስከትሉለት። ጭቃው ሲሞላ እስከዚያ ትርፍ ድረስ ይወጣል፣ በኋላ በቢላ ተቆርጦ ንጹሕ አፍ ይሰጣችኋል።

«ሲኒው ከእቶን ሲወጣ የልጅ መጫወቻ አከለ»

ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል። ሞዴሉ ከዚያ ቀድሞ ማደግ አለበት። የጭቃችሁን ልክ ራሳችሁ ለኩ። 10 ሴንቲ ሜትር መስመር በጭቃ ላይ አስምሩ፣ ተኩሱት፣ እንደገና ለኩ። 8.8 ከሆነ 12 በመቶ ጠፍቷል። ስለዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ሲኒ የሚፈልግ ሰው 6 ለ0.88 ያካፍልና ሞዴሉን 6.8 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። ስፋቱም እንደዚያው። ብዙ ሰው በ6 ላይ 12 በመቶ ይደምራል። ያ 6.72 ነው፣ ትንሽ ይጎድላል። ትልቅ ጀበና ላይ ጉድለቱ በዓይን ይታያል።

«ሞልዱ ከሞዴሉ አልላቀቅ አለ»

ቅርጹና ሳሙናው፣ ሁለቱንም መርምሩ።

ቅርጹ፦ ሲኒው ከእግሩ ወደ አፉ እየሰፋ ካልሄደ ባለ አንድ ቁራጭ ሞልድ አይወጣም። ይህን ጀሶ ከማፍሰሳችሁ በፊት ማወቅ ይቻላል። ሞዴሉን መስታወት ላይ በአፉ ድፉት። ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) አጠገቡ አቁማችሁ ዙሪያውን አስኪዱ። ስኳድራው መንካት ያለበት ታች ብቻ ነው። ወገቡ ላይ ከነካ ያ ቦታ ሞልዱን ይነክሰዋል። መልሳችሁ ፋቁት። የእግሩን ጎድጓዳም አትርሱ፣ ግድግዳው ወደ ውጭ መከፈት አለበት። እንደ ጀበና ሆዱ ሰፍቶ አንገቱ የሚጠብ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያውኑ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁራጭ ሞልድ ይፈልጋል።

ሳሙናው፦ ሞዴሉ እርጥብ ሆኖ ነው የሚቀባው። ደረቅ ከሆነ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ አረፋ መስጠት እስኪያቆም። ለስላሳ ሳሙና በውሃ አቅጥናችሁ በስፖንጅ ቀቡ፣ ጥቂት ቆይታችሁ በእርጥብ ስፖንጅ አንሱት። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ውሃ ስትረጩበት ሳይመጥ እየተንከባለለ ከወረደ ዝግጁ ነው። አረፋ ወይም የሳሙና ክምር ከቀረ ግን ሞልዱ ላይ ምልክት ይተዋል።

አሁን የተጣበቀባችሁን ደግሞ በመሮ አትፈልቅቁት። ጀሶ ሲይዝ ትንሽ ይሰፋል። ገና ሞቅ ሲል ሞልዱ ከሞዴሉ የሚላቀቅበት ምቹ ሰዓት ነው፣ በመዳፍ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ካለፈ ሁለቱንም አንድ ላይ ውሃ ውስጥ ንከሩ። በመጋጠሚያው በኩል ከኮምፕረሰር አየር ብትነፉበት ብዙ ጊዜ «ጯ» ብሎ ይለቃል። ከወጣ በኋላ ሞልዱን አየር በሚያገኝበት ጥላ አድርቁት። ማድረቂያ ካላችሁ ከ50 ዲግሪ በታች ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሆን ጀሶው የያዘውን ውሃ መልቀቅ ይጀምርና ጠርዙ መርገፍ ይጀምራል። የጀሶ ጠረጴዛውን ጠርጋችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ነው ወደ ሸክላው የምትሄዱት። ጭቃ ውስጥ የገባች የጀሶ ፍርፋሪ ሲኒው ከተተኮሰ በኋላ እርጥበት እየሳበች ታብጥና ከግድግዳው ቅርፊት ይዛ ትፈነጠራለች።